ድራሴና (የቤት ውስጥ ተክል)

ድራሴና በሰሪቲ (አስፓራገስ) አስተኔ ውስጥ የሚመደብ የዕፅዋት ወገን ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚበቅሉት በአፍሪካ ሲሆን በእስያ፣ በማዳጋስካርና በሌሎች ደሴቶችም ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ጥላን ስለሚችሉ፣ ቀስ ብለው ስለሚያድጉና ውሃ ቢዘገይባቸው ስለሚታገሡ በመኖሪያ ቤት፣ በቢሮ፣ በሆቴልና በባንክ አዳራሽ ውስጥ በብዛት ይተከላሉ። በኢትዮጵያ በችግኝ ጣቢያዎችና በመንገድ ዳር አበባ ሻጮች ዘንድ ከሚታወቁት የቤት ውስጥ ተክሎች አንዱ ነው።

ድራሴና ለመያዝ ቀላል ነው ቢባልም ሁለት ነገሮች ያጠቁታል። አንደኛው ከመጠን ያለፈ ውሃ ነው። ሁለተኛው በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት በተለይ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀሙ ሰዎች ትኩረት የሚሻ ነው።

ስያሜና ምደባ

«ድራሴና» የሚለው ስም «ድራካይና» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሴት ዘንዶ» ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው ከአንዳንድ ዝርያዎች ግንድ ከሚወጣው «የዘንዶ ደም» ከሚባለው ቀይ ሙጫ የተነሣ ነው። ይህን ሙጫ በመስጠት የሚታወቁት የካናሪ ደሴቶቹ ድራሴና ድራኮ እና የሶቆጥራ ደሴቱ ድራሴና ሲናባሪ ናቸው። በቤት ውስጥ የሚተከሉት የተለመዱ ዝርያዎች ግን ለዚህ ሙጫ አይፈለጉም።

የወገኑ ስም በሳይንሳዊ ጽሑፍ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1767 በካርል ሊኔየስ ነው። በቤት ውስጥ በጣም የተለመደው ድራሴና ፍራግራንስ ቀድሞ በሌላ ወገን ሥር ተመድቦ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1808 ወደ ድራሴና ተዛወረ። «ፍራግራንስ» ማለት በላቲን «መዓዛማ» ማለት ነው።

ቀድሞ ሳንሰቬሪያ በሚባል የተለየ ወገን ውስጥ የነበሩት ቀጥ ያለ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች በዘር ውርስ (ዲኤንኤ) ጥናት ምክንያት በቅርብ ዓመታት ወደ ድራሴና ተቀላቅለዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «የእባብ ተክል» የሚለው የቤት ተክል ዛሬ በሳይንስ ስሙ ድራሴና ትራይፋሲያታ ነው። በገበያ ግን የቀድሞ ስሙ አሁንም ይሠራበታል።

ገጽታ

ድራሴና አንድ ክክ ያለው ተክል ነው። በዚህ ረገድ ከእንጨታማ ዛፎች ይልቅ ለሽንኩርት፣ ለሬትና ለሣር ይቀርባል። ከብዙዎቹ አንድ ክክ ያላቸው ተክሎች የሚለየው ግንዱ በዕድሜ ብዛት እየወፈረ መሄድ በመቻሉ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ዝርያዎች ዛፍ ይመስላሉ።

ድራሴና ፍራግራንስ በተፈሮ ደኑ ውስጥ እስከ 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜትር አያልፍም። ቅጠሉ ረዥም፣ አንጸባራቂና የበቆሎ ቅጠል የሚመስል ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች በዕድሜ እየቢጫቸው ይረግፋሉ፤ በግንዱ ላይም የቀለበት ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋሉ። ስለዚህ በወር አንድ ወይም ሁለት የታች ቅጠል መርገፉ በሽታ አይደለም።

በቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ያብባል። ሲያብብ ትንንሽ ነጫጭ አበቦቹ ማታ ማታ ጠንካራ መዓዛ ይሰጣሉ፤ ከአበባው ዘንግም የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ሽታው ለከበደው ሰው የአበባውን ዘንግ መቁረጥ ተክሉን አይጎዳውም።

ድራሴና ብዙ ጊዜ ከሚመሳሰለው ኮርዲላይን ከተባለ ተክል ጋር ይምታታል። የሚለዩበት ቀላል መንገድ ሥራቸው ነው፦ የድራሴና ሥር ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን የኮርዲላይን ሥር ነጭ ነው።

በኢትዮጵያ

ድራሴና ለኢትዮጵያ የባዕድ ተክል አይደለም። ድራሴና ፍራግራንስ፣ ድራሴና አፍሮሞንታና እና ድራሴና ስቶይድነሪ በአገሪቱ እርጥበታማ ደኖች ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላሉ። ድራሴና ስቶይድነሪ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን በጎበኘው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በሄርማን ስቶይድነር ስም ነው። ይህ ዝርያ በአንዳንድ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች «ዕፀ ጳጦስ» ይባላል። ይኸው ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሙሴ ሲነድድ ያየውን ቁጥቋጦ የሚያመለክት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ደረቅ ተዳፋትን የሚወድ ድራሴና ኦምቤት የሚባል ዝርያ አለ። በትግራይና በአፋር ድንበር ላይ የሚገኘው የደስአ ደን ከሚታወቁት መገኛዎቹ አንዱ ነው። ይህ ዛፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል። ስለዚህ ለቤት ማሳመሪያ ብሎ ከዱር መንቀል ተገቢ አይደለም። በችግኝ ጣቢያ የሚሸጡት ዝርያዎች ከቁርጥራጭ የሚባዙ ናቸው።

በምሥራቅ አፍሪካ ድራሴና ፍራግራንስ ለሕያው አጥርና ለድንበር ምልክት ይተከላል። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ የሚኖሩት ቻጋዎች «ማሳሌ» ይሉታል፤ ከድንበር ምልክትነቱ ሌላ ይቅርታ ለመጠየቅ ይጠቀሙበታል።

በቤት ውስጥ የተለመዱ ዓይነቶች

• ድራሴና ፍራግራንስ «ማሳንጌያና»፦ በቅጠሉ መሐል ቢጫ ሰንበር ያለው ነው። ብዙውን ጊዜ ቁመታቸው የተለያየ ሁለት ወይም ሦስት ወፍራም ግንዶች በአንድ ማሰሮ ተተክለው ይሸጣል። በውጭ አገር «የበቆሎ ተክል» ይባላል።

• «ጃኔት ክሬግ» እና «ዋርኔኪ»፦ የድራሴና ፍራግራንስ ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ሁለተኛው ነጫጭ ሰንበሮች አሉት። ጥላን በደንብ ይችላሉ፤ ለፍሎራይድ ግን በጣም ስሱ ናቸው።

• ድራሴና ማርጂናታ፦ መገኛው ማዳጋስካር ነው። ቀጭን ግንድና ጠርዙ ቀይ የሆነ ጠባብ ቅጠል አለው።

• ድራሴና ሬፍሌክሳ፦ ቅጠሎቹ አጫጭርና ወደ ታች የታጠፉ ናቸው። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት በገበያ ይወደዳል፤ ከሌሎቹ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል።

• ድራሴና ሳንደሪያና፦ «የዕድል ቀርከሃ» ተብሎ በውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጠው ነው። ቀርከሃ የሣር አስተኔ ሲሆን ይህ ግን ድራሴና ነው። መገኛውም እስያ ሳይሆን መካከለኛው አፍሪካ ነው።

• ድራሴና ትራይፋሲያታ፦ የቀድሞው ሳንሰቬሪያ ነው። በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚያጠራቅም ከሁሉም በላይ ድርቀትን ይችላል። ከዚህ ቡድን ተክሎች ቅጠል ገመድ የሚሠራበት ጠንካራ ጭረት ይወጣል።

ብርሃን

አብዛኞቹ ድራሴናዎች በተፈጥሮ የሚበቅሉት በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ስለዚህ የሚስማማቸው ደማቅ ሆኖም ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን ነው። በምሥራቅ በኩል ካለ መስኮት አጠገብ፣ ወይም በሌላ አቅጣጫ ካለ መስኮት አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ወይም ከስስ መጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ቢያርፍበት ቅጠሉ ላይ የገረጣ ወይም ቡናማ የቃጠሎ ጠባሳ ይወጣል።

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የፀሐይዋ አቅጣጫ በዓመት ውስጥ ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት በኩል ወደ ቤት ትገባለች። በሰኔ ደግሞ በእኩለ ቀን በስተሰሜን በኩል ትሆናለች። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ስለ ደቡብና ስለ ሰሜን መስኮት የተጻፈ ምክር ለአዲስ አበባ ቤት በቀጥታ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ድራሴና «ጥላ ይችላል» ሲባል ያለ ብርሃን ይኖራል ማለት አይደለም። በጨለማ ኮሪደር ውስጥ የተቀመጠ ተክል ወዲያው አይሞትም፤ ያጠራቀመውን ኃይል እየጨረሰ ለወራት ይቆያል። አዲሶቹ ቅጠሎች እየጠበቡና እየገረጡ ከሄዱ፣ ግንዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተንጋደደ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው። ቢጫ ወይም ነጭ ሰንበር ያላቸው ዓይነቶች አረንጓዴ ክፍላቸው አነስተኛ ስለሆነ ተጨማሪ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ጥላ ሲበዛባቸው ሰንበራቸው ይደበዝዛል። ማሰሮውን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ማዞር ተክሉ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ይረዳል።

አቧራ ብርሃንን ይጋርዳል። በአስፋልት ያልተሸፈነ መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች ቅጠሉን በወር አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ቅጠልን ለማንጸባረቅ ተብሎ ዘይት ወይም ቅቤ መቀባት ግን አቧራ ይሰበስባል፤ ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይደፍናል።

ውሃ

በቤት ውስጥ ያለ ድራሴና ብዙ ጊዜ የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው አካል ኦክስጅን ይፈልጋል። አየሩን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካሉት ክፍተቶች ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከራሰ እነዚህ ክፍተቶች በውሃ ይሞላሉ፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያም አበስባሽ ሻጋታዎች ያጠቁታል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ደግሞ ተክሉ የጠማው መስሎት ተጨማሪ ውሃ ያጠጣዋል። ብዙ ተክል የሚጠፋው በዚህ ዙር ነው።

ስለዚህ ውሃ የሚጠጣበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአፈሩ ሁኔታ ይወሰናል። ጣትን ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደ አፈሩ ማስገባት በቂ ነው። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ይቆያል፤ ደረቅ ከሆነ ይጠጣል። በአብዛኛው ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በክረምት ወራት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ወይም ብርሃን በሚያንስበት ቦታ ጊዜው ይረዝማል። ድራሴና ትራይፋሲያታ ግን አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ስላለበት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ሲጠጣ ውሃው በማሰሮው ታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በደንብ ማጠጣት፣ ከዚያም ከሥር ባለው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን መድፋት ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ጨውም በአፈሩ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል።

በውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ድራሴና ሳንደሪያና ውሃው በየሳምንቱ መቀየር አለበት። ሥሩ ብቻ በውሃ ይሸፈን፤ ግንዱ በሙሉ መጥለቅ የለበትም።

ፍሎራይድ እና የቅጠል ጫፍ መድረቅ

የድራሴና ቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ መድረቅ በጣም የተለመደ ችግር ነው። ምክንያቱ የአየር ድርቀት፣ የውሃ ማነስ ወይም የማዳበሪያ ጨው ሊሆን ይችላል። ድራሴናን ከብዙ ሌሎች የቤት ተክሎች የሚለየው ግን ለፍሎራይድ ያለው ስሱነት ነው።

ፍሎራይድ በውሃ ተሟሙቶ በሥር ይገባና ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል። ውሃው ከቅጠሉ ሲተን ፍሎራይዱ በጫፍና በጠርዝ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሌላ የተክሉ ክፍል ስለማይመለስ በየጊዜው እየተከማቸ ሕዋሳቱን ይገድላል። በዚህ ምክንያት ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ለረዥም ጊዜ ውሃ ሲያተን በቆየው አሮጌ ቅጠል ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ድራሴና ግን 1 ሚሊግራም አካባቢ ባለው ውሃም ሊጎዳ ይችላል። ይህ ማለት ለሰው ተስማሚ የሆነ ውሃ ለዚህ ተክል ላይስማማ ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። በአንዳንድ ጉድጓዶች መጠኑ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ይበልጣል። በወንጂና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ባደጉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚታየው የጥርስ መበለዝ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ አጥንትንም ይጎዳል። በእነዚህ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ድራሴና ጫፉ መድረቁ አያስገርምም። ይሁንና የቅጠል ጫፍ መድረቅ ብዙ ምክንያት ስላለው ተክሉን እንደ ውሃ መመርመሪያ መቁጠር አይቻልም። ቅጠሉ ጤናማ መሆኑም ውሃው ለሰው አይጎዳም የሚያሰኝ ማረጋገጫ አይደለም። ትክክለኛውን መጠን የሚያሳየው የቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ ነው።

ስለ ፍሎራይድ አወጋገድ በተለምዶ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ትክክል አይደሉም፦

• ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር መጠኑ እንዲያውም ከፍ ይላል።

• ውሃን በባልዲ አሳድሮ ማጠጣት ክሎሪንን ይቀንሳል፤ ፍሎራይድን ግን አይቀንስም።

• ተራ የከሰል ማጣሪያ ፍሎራይድን በበቂ ሁኔታ አያስቀርም። ከአጥንት ከሰል የተሠራ ማጣሪያና በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ መሣሪያ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ግን ይቀንሱታል።

ለተክሉ ርካሹ መፍትሔ የዝናብ ውሃ ነው። በክረምት ከጣራ የሚወርደውን ውሃ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ፣ በበርሜል መያዝና ክዳኑን መግጠም ይቻላል። ክዳኑ የወባና የሌሎች ትንኞች እጭ እንዳይራባ ይከላከላል።

የአፈር ኮምጣጣነትም ሚና አለው። በጣም ኮምጣጣ በሆነ አፈር ውስጥ ፍሎራይድ በቀላሉ ወደ ሥር ይገባል። የአፈሩ ፒኤች ከ6 እስከ 6.5 ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቂት የእርሻ ኖራ መቀላቀል ይረዳል። ሱፐር ፎስፌት የተባለው ማዳበሪያ ፍሎራይድ ስላለው ለድራሴና አይመከርም።

የደረቀ ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም። ለመልክ ሲባል በንጹሕ መቀስ የቅጠሉን ቅርጽ ተከትሎ መቁረጥ ይቻላል። አረንጓዴው ክፍል እንዳይቆስል ከደረቀው ጥቂት መስመር መተው ጥሩ ነው።

ሙቀትና እርጥበት

ድራሴና ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ደህና ያድጋል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዚህ ወሰን በታች ይወርዳል። የቤቱ ውስጥ ከውጭው ሞቅ ስለሚል ተክሉ በክፍል ውስጥ ይቋቋመዋል። በረንዳ ላይ ያለውን ግን በእነዚህ ወራት ማታ ማስገባት፣ ከመስኮት መስታወት ጋር የተነካካውንም ፈቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በደጋ ከተሞች ሙቀቱ ሲቀንስ ተክሉ ውሃ የሚጠቀመው በዝግታ ስለሆነ ማጠጫው መራራቅ አለበት።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትልቁ ፈተና በክረምት የቤት ማሞቂያ የሚያደርቀው አየርና የብርሃን ማነስ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ነው። በሁለቱም ሁኔታ ተክሉን ነፋሱ በቀጥታ ከሚያርፍበት ቦታ ማራቅ ከምንም በላይ ይጠቅማል። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት እርጥበትን የሚጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ተክሎችን አንድ ላይ ማሰባሰብ ወይም ማሰሮውን ጠጠርና ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ላይ፣ ታቹ ውሃውን ሳይነካ፣ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

አፈር፣ ማሰሮና ማዳበሪያ

አፈሩ ውሃን በፍጥነት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ጥቁር የመረሬ አፈር ሲርስ ስለሚጨቀይ፣ ሲደርቅም ስለሚሰነጣጠቅ ለማሰሮ አይመችም። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ (ኮምፖስት) እና ሻካራ አሸዋ ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር እኩል እኩል ቢቀላቀሉ ጥሩ ድብልቅ ይሆናል።

ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የዘይት ጀሪካን ወይም የቀለም ባልዲ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ታቹ ግን መበሳት አለበት። ቀዳዳ በሌለው የሚያምር የሸክላ ወይም የሴራሚክ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ሲፈለግ ተክሉን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ማሰሮ ተክሎ ውስጡ ማስገባት ይበቃል። ከማሰሮው ታች ጠጠር መደርደር የቀዳዳን ቦታ አይተካም።

በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ሥሩ ማሰሮውን ሲሞላ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደሚሰፋ ማሰሮ ይዛወራል። ከመጠን በላይ ትልቅ ማሰሮ ብዙ አፈር ስለሚይዝ ውሃው ሳይደርቅ ይቆያል።

ድራሴና ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ብዙ ማዳበሪያ አይፈልግም። በሚያድግበት ወቅት በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ፈሳሽ ማዳበሪያ በግማሽ መጠን ተበጥብጦ ቢሰጠው በቂ ነው። ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ እንዳለ በማሰሮ ላይ መበተን ሥሩን ያቃጥላል። የቡና አተላም እርጥቡን በላዩ ላይ ሲደፋ ቅርፊት ሠርቶ ይሻግታል፤ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ከበሰለ በኋላ ግን ይጠቅማል።

መግረዝና ማባዛት

ከመጠን በላይ የረዘመ ድራሴና ግንዱ በተፈለገው ቁመት ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቁርጡ በታች አንድ ወይም ከዚያ በላይ አዳዲስ ቡቃያዎች ይወጣሉ።

የተቆረጠው ክፍል ለማባዣ ይሆናል፦

1. ቅጠል ያለው ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ግንድ ይዞ ይቆረጣል፤ የታች ቅጠሎቹ ይነሣሉ። በእርጥብ አሸዋማ አፈር ወይም በውሃ ውስጥ ይተከላል።

2. ቅጠል የሌለው ግንድ በ10 ሴንቲሜትር ገደማ እየተቆራረጠ ይተከላል። የላይኛው ጫፍ ወደ ላይ መሆን ስላለበት ሲቆረጥ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

3. ቁርጥራጮቹ ሞቅ ባለና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣሉ። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊፈጅባቸው ይችላል።

ድራሴና ትራይፋሲያታ ከቅጠል ቁራጭም ይባዛል። ይሁን እንጂ ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ከቅጠል ቁራጭ ሲባዛ አዲሱ ተክል ቢጫውን ጠርዝ ያጣል። መልኩን ለማቆየት ከሥሩ የበቀለውን ልጅ መለየት ያስፈልጋል።

ተባይና በሽታ

ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ በደረቅ ወቅት ይራባል። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ የመሰለ መገርጣትና ስስ ድር ያሳያል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ይደበቃል። ቅርፊት ለበስ ተባይ ደግሞ እንደ ቡናማ ጠቃጠቆ ግንዱ ላይ ይለጠፋል። ጥቂት ሲሆኑ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጎ ማንሣት፣ ቅጠሉንም ከላይና ከታች በለዘብተኛ የሳሙና ውሃ ማጠብ በቂ ነው። እንቁላላቸው ስለሚቀር በየሳምንቱ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ መርጨት ለሰው አደገኛ ነው።

የተለመዱ ምልክቶችና ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች፦

• ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ መቢጨት፣ አፈሩም እርጥብ ሲሆን፦ የውሃ ብዛትና የሥር መበስበስ።

• ቅጠል መጠቅለልና መውረድ፣ አፈሩም ደረቅ ሲሆን፦ የውሃ ማነስ።

• ጫፍና ጠርዝ መድረቅ፦ ፍሎራይድ፣ የጨው ክምችት ወይም የአየር ድርቀት።

• በቅጠሉ መሐል የገረጣ ሰፊ ጠባሳ፦ የፀሐይ ቃጠሎ።

• ግንዱ ሲጫኑት የሚሰረጉድና የሚሸት፦ የግንድ መበስበስ። ይህ ክፍል አይድንም፤ በላዩ ያለው ጠንካራ ክፍል ተቆርጦ እንደ አዲስ ሊተከል ይችላል።

መርዛማነት

ድራሴና ሳፖኒን የሚባሉ ውሕዶች አሉት። ድመት ወይም ውሻ ቅጠሉን ቢበላ ያስታውከዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፤ በድመት ላይ የዓይን ብሌን መስፋትም ይታያል። ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑ የተለመደ ባይሆንም እንስሳውን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ለሰው የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ማሰሮውን ዳዴ የሚሉ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ አብሮት ከሚሸጠው ድፌንባኪያ ጋር መምታታት የለበትም። የድፌንባኪያ ጭማቂ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ስላሉት አፍንና ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ያሳብጣልም።

አየርን ያጠራል?

ድራሴና «የቤት አየር ያጠራል» የሚለው ዝና መነሻው እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያወጣው ጥናት ነው። በጥናቱ ድራሴናን ጨምሮ የተለያዩ ተክሎች በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው እንደ ቤንዚንና ፎርማልዲሃይድ ያሉትን ተናኝ ኬሚካሎች እንደሚቀንሱ ታይቷል።

መኖሪያ ቤት ግን የታሸገ ሣጥን አይደለም። አየር በበር፣ በመስኮትና በስንጥቅ ይገባል፤ ይወጣልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የቀደሙ ጥናቶች ግምገማ፣ ተክሎች ከተለመደው የአየር ዝውውር ጋር እኩል እንዲያጠሩ ከተፈለገ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 የሚደርስ ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። በክፍል ጥግ ያለ አንድ ወይም ሁለት ማሰሮ የአየሩን ጥራት በሚለካ ደረጃ አይለውጥም።

ይህ ነጥብ ከሰል በሚነድባቸው ቤቶች የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኙ ሰዎችን ይገድላል። ድራሴናም ሆነ ሌላ የቤት ተክል ከዚህ ጋዝ አያድንም። ለቡናም ሆነ ለሙቀት ከሰል ሲያያዝ በርና መስኮት መክፈት፣ ከመኝታ በፊትም ምድጃውን ከቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ድራሴና ለቤት የሚሰጠው ጥቅም ውበትና አረንጓዴነት ነው።

ደግሞ ይዩ

• ሰሪቲ
• ሬት
• ስምጥ ሸለቆ
• ፍሎራይድ
• ካርቦን ሞኖክሳይድ